ከኋላ ተቀምጬ ያየሁት መንገድ

የባለቤቴ ታላቅ እህት ባላቸው የሞቱባቸው ጥቅምት ላይ ነበር። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ ልንሰናበታቸው ስንገባ ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ቆመው ላሞቹን ያያሉ። «እንግዲህ ማታ ማታ እራቱን ለማን ላቅርብ?» አሉ። እኛን መጠየቃቸው አልነበረም። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ አንዱ ድሬዳዋ ይሠራል፣ አንዷ ዓረብ አገር ነች። ላሞቹን የሚያልብላቸው ጎረቤት አለ፤ እሱም አልቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መካኒሳ አቦ ቤታችን ደርሰን፣ ባለቤቴ ሄልሜቱን እንኳ ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ፣ «በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ እየሄድን እራት አብረናት እንበላለን» አለኝ።

«ሁለታችንም?»

«ሁለታችንም። እኔ ብቻዬን ከሄድኩ ዝም ተባብለን ነው የምንበላው። አንቺ ታወሪያለሽ።»

እውነቱን ነው። እሱ ዝምተኛ ነው፤ እህቱም እንደሱ ናቸው። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ ባለቤቴን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አባታቸው ዛሬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት፣ በላፍቶ በኩል ያርሱ የነበሩ ገበሬ ነበሩ። እትዬ ከሰበታ አለፍ ብሎ ወዳለ ገጠር ተድረው እዚያው ቀሩ። ባለቤቴን ደግሞ ከተማው ራሱ ካለበት ድረስ መጥቶ አገኘውና የከተማ ሰው ሆነ። እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ስንጋባ እትዬ «ሙሽራዬ» አሉኝ፤ ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ልጆቹም አድገው፣ ፀጉሬ ሸብቶም ዛሬ ድረስ ሙሽራዬ ነኝ።

መንገዱ ከመካኒሳ በጀሞ አድርጎ ወደ ሰበታ ይወጣል። ጀሞ ድረስ የታክሲና የሰው ግፊያ ነው፤ ከሁሉም አቅጣጫ ብርሃን ስላለ የራስህ መብራት ይብራ አይብራ አይታወቅህም። ከሰበታ አልፎ ወደ ግራ ሲታጠፍ ግን የጠጠር መንገድ ይጀምራል፤ ጠጠሩም አልቆ ዋልካ ይተካዋል። ክረምት ያቦካውን ጭቃ በጋ ያደርቀውና የጋሪ ጎማ የሄደበት ሁሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እዚያ መብራት የሚባል ነገር የለም። ሰው ደግሞ አለ፤ ከገበያ የሚመለስ፣ ቅጠል የተሸከመ፣ አህያውን እየነዳ የሚሄድ።

ሞተሯ ባለቤቴ ከሥራ ባልደረባው የገዛት የህንድ ሞተር ናት። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ ሻሼን ከሄልሜቱ ሥር አጥብቄ ከኋላው እቀመጣለሁ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ሥራ የለውም፤ ያያል እንጂ። ከትከሻው በላይ መንገዱን እያየሁ የምሄድበት ጊዜ ከቀኔ ሁሉ የምወደው ሆነ። ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ጸሐፊነት ላይ ተቀምጬ የወላጆች ጥያቄ ስመልስ ነው የምውለው።

ስለ ባለቤቴ ሥራ አንድ ነገር ልናገር፤ የኋላው ታሪክ ያለሱ አይገባም። እሱ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፣ ቀለም ላይ። ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት አንስቶ ወደ ብርሃን ያዞርና «ቀዩ ትንሽ በዝቷል» ይላል። ሌላው ሰው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎም ልዩነቱ አይታየውም። ቀዩን ቀነስ ሲያደርጉት ግን ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ፊት በአንዴ የሰው ፊት ይመስላል። «ዓይኔ እንጀራዬ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ መንገዱ አልታይ ሲለው ዓይኑን ይጠረጥራል ብሎ የሚያስብ የለም፤ እኔም አላሰብኩም።

መጀመሪያ የደነገጥነው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከእትዬ ቤት እራት በልተን ስንመለስ አንዲት ሴት የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው በመንገዱ ጠርዝ ይሄዳሉ። ከሩቅ አየኋቸው። አየሁ፣ እየቀረብን ሄድን፣ እሱ ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም። «ሴትዮዋ» አልኩት። «የቷ ሴትዮ?» አለኝና ወዲያው ፍሬኑን ያዘ፤ ቅጠሉ ትከሻውን ዳበሰው። ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩንና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሱ ሞተሩን አቁሞ ወረደ፤ ከፊት ሄዶ መብራቱን አየው።

«አምፖሉ ሞቷል» አለ። «ቢጫ ሆኗል እኮ።»

መካኒሳ መንገድ ዳር የመኪናና የሞተር ኤሌክትሪክ የሚሠራ የልጅነት ጓደኛ አለው። ደስተኛ ሰው ነው፤ መብራት ይወዳል። ሱቁ ውስጥ ምን የመሰለ አምፖል ሁሉ ተሰቅሏል። አምፖላችንን አውጥቶ በሁለት ጣቱ ይዞ አየውና «ይሄ እኮ ሻማ ነው። እስከዛሬ በምን ዓይንህ ነው የነዳኸው?» አለው። ሦስታችንም ሳቅን።

አዲስ አምፖል ተገጠመ። ለጥቂት ቀን «አሁን ገና መንገድ አየሁ» ሲል ከረመ። ከዚያ ደግሞ ማማረር ጀመረ። ጓደኛው «እንግዲያው ኤልኢዲ ነው የሚያዋጣህ» አለውና ነጭ ብርሃን ያለው አምፖል ገጠመለት። የዚያን ዕለት ማታ መንገዱ እንደ ወተት ነጭ ሆነ። የጠጠሩ ጥላ ሳይቀር ይታየኛል። ነገር ግን ከፊት የሚመጣው ሰው ሁሉ እጁን ወደ ዓይኑ ያነሳል፣ ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዱም ይቆማል። የአንድ ሽማግሌ ፈረስ ደንግጦ ጋሪውን ወደ እርሻው ይዞት ገባ። ባለቤቴ ሞተሩን አጥፍቶ ሮጠ፤ ጋሪውን አብሮ ገፍቶ ወደ መንገዱ መለሰላቸው።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ልጓሙን እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ አንተ ታያለህ፤ እኔና ፈረሴስ?» አሉት ብቻ። ባለቤቴ አንገቱን ሰብሮ ይቅርታ ጠየቀ።

በማግስቱ ለጓደኛው ሲነግረው እሱም አሰበበት። አምፖሉ ለአሮጌው የፊት መብራት መስተዋት የተሠራ ስላልሆነ ብርሃኑን ወደ ሰማይም ወደ ሰውም እንደሚበትነው ተረዳ። ሙሉውን የፊት መብራት አውጥቶ፣ ብርሃኑን ከላይ ቆርጦ የሚያስቀር ሌላ ገጠመለት። ከዚያ ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረና ሞተሯን ወደ ግድግዳው አዞራት። ባለቤቴ ላዩ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ አንቺም ከኋላው ተቀመጪ» አለኝ። «ከኋላ ሰው ሲቀመጥ መብራቱ ሽቅብ ያያል። ያንቺንም ክብደት ቆጥረን ነው የምናስተካክለው።»

መንገደኛው እያየን፣ ያልተነሳ ሞተር ላይ ሁለታችን ተቀምጠን ግድግዳ ስናይ አመሸን። ብርሃኑ ከጠመኔው መስመር በታች ሲሆን ጓደኛው «በቃ፣ እንዳትተነፍሱ» አለና ብሎኑን አጠበቀ።

ከዚያ በኋላ ማንም ዓይኑን አልሸፈነብንም። መንገዱም ለእኔ በደንብ ይታየኝ ነበር። ለእሱ ግን አልበቃውም። «ፊት ለፊቱ ደህና ነው፤ ጎንና ጎኑ ጨለማ ነው» ይላል። በዚያው ሰሞን ሰበታ አጠገብ ለግንባታ የተደፋ አሸዋ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ሊጥለን ነበር። አሸዋው ትልቅ ክምር ነው፤ ሳይታይ ሊታለፍ የሚችል አልነበረም። «አላየኸውም?» ስለው «ከጎን ነው የመጣብኝ» አለ። አሸዋ ከጎን ይመጣል ወይ ብዬ አሰብኩ፤ ደክሞታል ብዬ ግን ተውኩት። እትዬ ግቢ ውስጥም ሲመሽ የጥጃው ገመድ ይጠልፈው ጀመር። እትዬ አንድም ቀን «ተጠንቀቅ» አላሉትም። ቆም ብለው ያዩታል፣ ከዚያ ገመዱን ከመንገዱ ያነሱታል።

ጎንና ጎኑን እንዲያበራ ሁለት ፓውዛ ከፊት ብረቱ ላይ ተጨመረ፤ ማብሪያው በግራ እጁ በኩል ሆነ። የመጀመሪያው ቀን እትዬ ግቢ ስንገባ ጭድ ክምሩ፣ በረቱ፣ የጎረቤት ጣሪያ ሁሉ በራ። ጎረቤቶች የመኪና እንግዳ የመጣ መስሏቸው ወጡ። እትዬ በእጃቸው ዓይናቸውን ከልለው «ምነው፣ ልትድረን ነው እንዴ?» አሉት። እሱ ሳቀ። እኔ ግን ከኋላ ሆኜ አይቼው ነበር፤ ያ ሁሉ መብራት በርቶለት ከበፊቱ ይበልጥ ቀስ እያለ ነበር የነዳው።

ታኅሣሥ ላይ፣ እራት በልተን ከእትዬ ቤት ብዙም ሳንርቅ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ልናገር ስል መብራቱ ሁሉ በአንዴ ጠፋ፤ ፓውዛውም፣ የፊቱም፣ የኋላውም። አቆመ። ሞተሩን ሲያስነሳው ይነሳል፤ ብርሃን ግን የለም። የተጨመረው ሽቦ ተቃጥሎ የነበረውንም ይዞት ሄዷል። የእኔ ስልክ ባትሪ ጨርሷል፤ የሱን እትዬ ቤት ቻርጅ ላይ ረስቶታል።

ወርጄ ሄልሜቴን አወለቅኩ። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። እነዚያ መብራቶች ሸፍነዋት ነው መሰለኝ እስከዚያች ሰዓት ልብ አላልኳትም ነበር። የታጨደው ማሳ፣ የጤፉ ክምር፣ ከማዶ ያለው ግራር፣ መንገዱም አመድ መስሎ እስከ ኮረብታው ድረስ ይታያል።

«እንዲህ ከሆነማ መብራት ምን ያደርግልን ነበር?» አልኩት።

«ምኑ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ጨረቃዋ ነዋ። ቀን አይመስልም?»

ቀና አለ። ረጅም ጊዜ ሰማዩን አየ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ወደ ፊቱ አየ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ዞረ።

«ጨረቃዋንማ አያታለሁ» አለኝ። «ምድሩን ነው የማላየው።»

የቀልድ ድምፅ አልነበረውም። ቀረብ አልኩት። ከፊቱ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ እጄን አነሳሁ፤ እሱ ከእጄ አልፎ ጨለማውን ያያል። «እንመለስ፣ እትዬ ጋ እንደር» አልኩት። እሺ አለና ሞተሯን አዙሮ መግፋት ጀመረ፤ ጥቂት እንደሄደ የፊት ጎማውን ይዞ ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ተላጠ። አብረን አወጣናት። መሪውን እኔ ያዝኩ፤ እሱ ከኋላ መቀመጫውን ይዞ ገፋ። እስከ እትዬ ቤት ድረስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። «ግራ»፣ «ድንጋይ አለ»፣ «እግርህን አንሳ» እያልኩት ሄድን።

ውሻው ሲጮህ እትዬ የእጅ ባትሪ ይዘው ወጡ። ብርሃኑን መጀመሪያ መሪውን በያዝኩት በእኔ ላይ፣ ከዚያ ከኋላ በነበረው ወንድማቸው ላይ አደረጉ። ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም። ውሃ አምጥተው ጉልበቱን አጠቡለት። ከዚያ ተቀመጡና፣ እኔም እንድሰማ ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ ጀመሩ።

«አባባ ለምን ጀንበር ሳትጠልቅ ቤት ይገቡ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ማታ የሚዞር ሌባ ነው ይሉ ነበር» አለ ባለቤቴ።

«ለሰው የሚሉት ነው። ዳፍንት ነበረባቸው። ቀን ደህና ናቸው፤ ሲመሽ ምንም አያዩም። እርሻ አምሽተው እንደሆነ ሄጄ የማመጣቸው እኔ ነበርኩ፤ የዱላቸውን ጫፍ ይዤ እመራለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ ይመጣሉ። ሰው ካገኘን ዱላውን እለቃለሁ፤ እሳቸው ቆመው ሰላምታ ይሰጣሉ። ጉበት ብሉ ተብለው ስንት ጉበት በሉ፣ አልተሻላቸውም። ማታ የሚጠሩበት ድግስ ሲሆን ይቀራሉ። ኩራተኛ ናቸው ተባሉ። ኩራተኛ መባሉን መረጡ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምለውኝ ነበር። አሁን ግን ገመዱ ሲጥልህ እያየሁ ምን ዓይነት መሐላ ነው ይሄ አልኩ።»

እዚያው አደርን። መኝታው ጠባብ ስለነበር እንዳልተኛ አወቅኩ። ቆይቶ «አንቺ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«የሆነ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር። ስሙን አላውቅም ነበር» አልኩት። እጄን ያዘ፤ ሌላ አልጠየቀኝም።

የዓይን ክሊኒክ የሄድነው በዚያው ሳምንት ነው። ሐኪሟ ልጃችን የምትሆን ወጣት ናት። በብዙ መሣሪያ አየችው። በመጨረሻ ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ አገጩን አስደግፎ ወደ መሀል እንዲያይ፣ የብርሃን ነጥብ ባየ ቁጥር በእጁ የያዘውን ቁልፍ እንዲጫን ነገረችው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጬ ቁልፉን እሰማለሁ። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር በዚያች ሰዓት የሆነ ቦታ ላይ እሱ ያላየው ብርሃን እንደበራ እያሰብኩ እጨነቃለሁ። ዝምታው ከጠቅታው በዛ።

ሐኪሟ የወጣውን ወረቀት አሳየችን። ዙሪያው ጥቁር ነው፤ መሀሉ ላይ የእንቁላል ያህል ነጭ አለ።

«መሀሉ ደህና ነው። ቀለም የሚለዩበት እሱ ነው፤ ለዚህ ነው ሥራዎ ላይ ያልተቸገሩት» አለችው። «ጠርዙ ነው የሄደው። ጨለማ ውስጥ የሚያየውም እሱ ነው። በዘር የሚመጣ ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«ለጊዜው የሚመልሰው የለም። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። መንዳት ግን ይብቃዎት። ቀንም ቢሆን። ከጎን የሚመጣውን አያዩትም።»

ከዚያ ልጆች እንዳሉን ጠየቀች። አሉ አልናት። «እነሱም ይታዩ» አለች።

ሞተሯ ክሊኒኩ በር ላይ ቆማለች። ባለቤቴ እንደልማዱ ቁልፉን አወጣ፤ ወጥቶ ተቀመጠ። ሳያስነሳት ቆየና ወረደ። ቁልፉን እጁ ውስጥ አገላብጦ ለጓደኛው ደወለለት። ጓደኛው በታክሲ መጣ። ነገሩን ስንነግረው «እኔ ደግሞ አምፖል ስቀያይርልህ…» ብሎ አቋረጠው። ሞተሯን ይዞልን ሄደ፤ እኛ በታክሲ ተከተልነው።

የዚያን በጋ ሞተሯ ጓሮ ላስቲክ ለብሳ ቆመች። እትዬ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ በታክሲ እስከ ሰበታ፣ ከዚያ በጋሪ፣ ከዚያ በእግር መሄድ ጀመርን፤ ግን እንዳይመሽብን ምሳ በልተን እንመለሳለን። እራት ቀረ። ማታ ማታ ይደውልላቸዋል። «በላሽ?» ይላል። «በልቻለሁ» ይላሉ። ስልኩን ዘግቶ «አልበላችም» ይለኛል። «በምን አወቅክ?» ስለው «ቶሎ መለሰችልኝ» ይላል።

ሥራውን አልተወም። ለአለቃው ነገረው፤ አለቃው የጠዋት ፈረቃ ብቻ እንዲገባ አደረገው። ቤት ሲመጣ ግን ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። የሚያናድደው ዓይኑ ብቻ አልመሰለኝም። ልጅ ሆኖ ያዘሉት እህቱ አሁን ብቻቸውን ገበታ ላይ መቀመጣቸው፣ እሱም ቃሉን መጠበቅ አለመቻሉ ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጓሮ ገብቼ ላስቲኩን ገፈፍኩት።

«አስተምረኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ይቺን።»

ከክሊኒኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «በዚህ ዕድሜሽ?»

«እትዬስ በዚያ ዕድሜያቸው ብቻቸውን ይብሉ?»

ሳቁን አቆመ። ሄዶ ጎማውን በጣቱ ጫን አደረገው። «ንፋስ ይፈልጋል» አለ።

ወንድሜ ሲሰማ ቤት ድረስ መጣ። የእኔ ቤተሰብ የመንዝ ሰው ነው፤ ወግ ያጠብቃል። «ባልሽን ከኋላ አስቀምጠሽ በከተማ ልትዞሪ ነው?» አለኝ። ባለቤቴ መልሱን ቀድሞኝ ሰጠው፤ «ካልጣለችኝ ምን ቸገረኝ? ስንት ዓመት ከኋላዬ ተቀምጣለች፤ ተናግራ ታውቃለች?» አለው። ወንድሜ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ጠዋት ጠዋት ጀሞ ጀርባ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ እንሄዳለን። ሞተሯን እስከዚያ ጓደኛው ያመጣልናል። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ትዘላለች፣ ትጠፋለች። እሱ ከሜዳው መሀል ቆሞ ያዳምጣል። ሳያየኝ እንኳ ስህተቴን ያውቃል። «ድምፁን ስሚው። ማርሽ ቀይሪልኝ እያለሽ ነው» ይለኛል። ስንት ዓመት ከኋላው ስቀመጥ ሞተር በጆሮ እንደሚነዳ አላውቅም ነበር። ሁለቴ ወደቅኩ፤ ክርኔ ላይ ጠባሳው አለ። ማሠልጠኛ ገብቼም ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተምሬ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። በመጀመሪያው ፈተና ወደቅኩ፤ በሁለተኛው አለፍኩ።

የቀረው መብራቱ ነበር። ጓደኛው የተቃጠለውን ሽቦ በሙሉ አውጥቶ ጣለ፤ ሁለቱን ፓውዛ ፈታ። «ልመልሳቸው?» ሲለኝ ተዋቸው አልኩት። ለእኔ ዋናው መብራት ይበቃኛል፤ ይልቅ ትንሽ ዝቅ እንዲያደርግልኝ ጠየቅኩት። ጀማሪ ነኝ፤ ሩቁን ከማየት ፊቴ ያለውን ጉድጓድ ማየት እፈልጋለሁ። እንደገና ግድግዳው ፊት ተቀመጥን፣ አሁን እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ።

«መስመሩ ይቀየራል» አለ ጓደኛው በጠመኔ አዲስ እየሳበ። «ከባዱ ሰው ወደ ኋላ ሄዷል።»

ሚያዝያ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከመጣሉ በፊት አንድ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ተነሳን። ጀሞን አልፌ፣ ሰበታን አልፌ እስክታጠፍ ድረስ መሪውን ጨምድጄ ነበር የያዝኩት። ስታጠፍ ጨልሟል። ከፊት መቀመጥ እንደዚያ ይለያል ብዬ አላሰብኩም። ንፋሱ ደረት ላይ ነው የሚመታው፤ ከብርሃኑ ጫፍ ወዲያ ያለው ጨለማ ደግሞ አንቺን ብቻ የሚጠብቅ ይመስላል። ፍጥነቴን ቀነስኩ።

ከኋላዬ ጆሮዬ ሥር መናገር ጀመረ። «አሁን ድልድይ ይመጣል። ከድልድዩ በኋላ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ አንቺ ቀኙን ያዢ። ከዚያ ሁለት የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ።» መንገዱን አያየውም፤ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ አየዋለሁ፣ አላውቀውም። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ ትልቅ ጉድጓድ አለ፣ ቁሚ» አለኝ። ቆምኩ። ጉድጓዱን ደፍነውታል፤ መንገዱ ልሙጥ ነው።

«ደፍነውታል» አልኩት።

«ማን ደፈነው?» አለ፣ ያለፈቃዱ ንብረቱ የተነካበት ይመስል። እየሳቅን ቀጠልን።

እትዬ ባትሪያቸውን ይዘው ወጡ። ሄልሜቱን ሳወልቅ ፊቴን አዩ፤ ከዚያ ከኋላ እየወረደ ያለውን ወንድማቸውን አዩ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም መለሰላቸው። ምን እንደተባባሉ እስካሁን አልነገረኝም። ወደ እኔ ዞረው «ሙሽራዬ፣ ግቢ፣ እጅሽን ታጠቢ፤ እራቱ ቀዝቅዞብናል» አሉ። ከቀረበው ሽሮ የዚያን ማታ ከሁላችንም የበለጠ የበሉት እሳቸው ነበሩ።

አሁንም እንሄዳለን። ክረምት ሲበረታ፣ ዋልካው ጎማ ሲይዝ እናቋርጣለን፤ መስከረም ላይ እንቀጥላለን። ባለቤቴ መጥፎ ተሳፋሪ ሆኗል፤ ፍሬን ያዢ፣ ማርሽ ቀይሪ አያልቅበትም። ማታ ቤት ውስጥ የእጅ ባትሪ ኪሱ ውስጥ ይይዛል። ባለፈው ዓመት ሐኪሟ ስታየው ወረቀቱ ላይ ያለው ነጩ ትንሽ ጠቦ ነበር። እሱም ያውቃል፤ ስለዚህ ቀለም የሚለይ ወጣት ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እያሠለጠነ ነው።

ሴት ልጃችን ተመርምራ ደህና ናት ተብላለች። ወንዱ «እሄዳለሁ» ይላል፤ እስካሁን አልሄደም። አባቱ አይጨቀጭቀውም። ልጃችን ባለፈው ሊጠይቀን መጥቶ ማታ በረንዳ ላይ አብረው ተቀምጠው ነበር። እኔ ወጥ ቤት ነኝ። ባለቤቴ ተነስቶ የበረንዳውን መብራት ሲያጠፋ ሰማሁ።

«ምን ይታይሃል?» አለው።

ልጁ መቁጠር ጀመረ፤ አጥሩ፣ የጎረቤት የውሃ በርሜል፣ አጥሩ ላይ የተኛች ድመት፣ ከዚያ ማዶ የአቦ ጉልላት፣ ገመድ ላይ የተረሳ ፎጣ። ባለቤቴ «እሺ፣ ሌላስ?» እያለ ያስቀጥለዋል። እኔም እጄን ሳላደርቅ፣ በሩ አጠገብ ቆሜ አዳመጥኩ።